ሳይጠየቁ ባለሀብት የመሆን ጥበብ

በሠለጠነው ዓለም የሰው ገንዘብ ሰብስቦ ማክሰር አድካሚ ሙያ ነው። መጀመሪያ ፈንድ ይቋቋማል፣ ፈቃድ ይወጣል፣ በመስታወት በተለበጠ ፎቅ ላይ ቢሮ ይከራያል። ከዚያ የመምህሩን፣ የነርሷንና የጡረተኛውን ደጅ እየጠኑ «ገንዘብዎን እኛ እናስተዳድርልዎ» ማለት ይመጣል። ሰውዬው መፈረም አለበት። ፈርሞም አያርፍም፤ በየሦስት ወሩ ስንት እንደከሰረ የሚነግር ደብዳቤ ሲደርሰው ይበሳጫል፣ ይደውላል፣ ጠበቃ ይይዛል። ለዚህ ሁሉ ድካም አስተዳዳሪዎቹ ዳጎስ ያለ ዋጋ ቢጠይቁ ምን ይገርማል? ባለጸጎችን በሚያገለግሉት ፈንዶች ዘንድ የታወቀው ተመን በየዓመቱ ከጠቅላላው ገንዘብ 2 በመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ነበር።

ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ባፌት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የሚቆይ የሚሊዮን ዶላር ውርርድ ገባ። ሊቅ የማይመራው፣ 500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ዝም ብሎ የሚገዛ ርካሽ ፈንድ፣ በሊቃውንት ከተመረጡ አምስት የፈንድ ስብስቦች ይበልጣል አለ። አሥሩ ዓመት ሲሞላ ርካሹ ፈንድ 125.8 በመቶ አድጎ ተገኘ። ከሊቃውንቱ መካከል የላቀው 87.7 በመቶ፣ የመጨረሻው 2.8 በመቶ።

ምስኪን አሜሪካውያን! ይህን ያህል ሊቅ ቀጥረው፣ ይህን ያህል ወረቀት ፈርመው የደረሱበትን ቦታ እኛ ያለ አንድ ፊርማ ደርሰንበታል። ያውም ጋምቤላ ላይ።

በባሮ ወንዝ ዳር ዓሣ የምትቸረችር አንዲት እናት እናስብ። ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ከአጥማጆቹ ትረከባለች። ያልተሸጠላትን ሰንጥቃ፣ ጨው ነስንሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ከሳምንቱ ገቢ የተረፋትን በመሀረቧ ጫፍ ቋጥራ ወደ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ትሄድና፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ገንዘብ ተቀባዩ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ብር በሁለት ጣቱ ይዞ ሲቆጥር ታያለች። ደብተሯ ላይ ይጻፍላታል። ልጇ ጅማ ወይም መቱ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ለመሳፈሪያና ለፍራሽ የምትለው ገንዘብ ነው። በእሷ ቤት ቆጣቢ ናት፤ ከዚያ ያለፈ ማዕረግ አልጠየቀችም።

ከመጋቢት 2003 መጨረሻ ጀምሮ ግን ይህች እናት ሳታውቀው የሰፋፊ እርሻ ባለሀብት ሆና ነበር። እንኳን ደስ አላት።

በዚያ ሰሞን ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ ለደንበኞቻችሁ 100 ብር ስታበድሩ፣ 27 ብር ቆጥራችሁ የእኔን ሰነድ ግዙ፤ አምስት ዓመት ይቀመጣል፣ ወለዱ 3 በመቶ ነው አለ። ባንኩ ለዓሣ ነጋዴዋ ቁጠባ የሚከፍለው ያኔ ቢያንስ 5 በመቶ ነበር። በ5 ተቀብሎ በ3 ማበደር እንግዲህ በየትኛውም የሒሳብ ክፍል የሚያስወድቅ መልስ ነው፤ ባንኮቹ ግን አልወደቁም፤ ጉድለቱን ለሱቅ ማስፋፊያ ሊበደር በመጣው ነጋዴ ወለድ ላይ ጫኑት። ብሩ ከብሔራዊ ባንክ ወደ ልማት ባንክ ተሻገረ። ልማት ባንክም «ቅድሚያ ለተሰጣቸው ዘርፎች» በ8.5 በመቶ አበደረው። ቅድሚያ ከተሰጣቸው አንዱ ሰፋፊ የንግድ እርሻ ነበር። የሰፋፊ እርሻ ሁሉ መናኸሪያ ደግሞ ያኔ ማን ነበር? ጋምቤላ!

ስለዚህ የእናታችን ብር አውሮፕላን ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሄደ፣ ሁለት ትልልቅ ባንኮችን ጎበኘ፣ ከዚያም ትራክተር ሆኖ በባሮ ድልድይ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። አቧራውን እየነሰነሰ ሲያልፍ ዳር ይዛ ቆማ ያሳለፈችው፣ ጡሩንባ የነፋባት ትራክተር የራሷ ነው ብሎ የነገራት አልነበረም። ባለቤትነቱን አላወቀችም እንጂ አደጋውንስ ከማንም እኩል፣ እንዲያውም ከማንም በላይ ተሸክማ ነበር። በ2003 ክረምት የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ ገደማ ደርሶ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ5 በመቶ ወለድ 40 በመቶ ንረትን መጋፈጥ ለታላላቅ ባለሀብቶች እንኳ የማይመከር ድፍረት ነው።

እርግጥ የእሷ 27 ብር የግድ ጋምቤላ ገብታለች ብሎ የሚምል የለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ገብታም ሊሆን ይችላል። የአሠራሩ ውበት እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ጡረተኛ ገንዘቡ የት እንደጠፋ በስም ያውቃል፤ የእኛዋ ግን የትኛው እርሻ እንደከሰረባት ስለማታውቅ የምትጣላው ሰው አይኖራትም። ለደም ግፊትም ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ብልሆቹ እንሂድ። በልማት ባንክ ብድር እርሻ ለመክፈት የሚፈለገው 30 በመቶ ከራስ፣ 70 በመቶ ከባንክ ነበር። ለባለ 30ው ሥራ የሚጀምረው ኮምፒውተር ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ አኩሪ አተር፣ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል፣ በአምስተኛው ዓመት ይህን ያህል ትርፍ። የወረዳውን ስም አበቦ ከነበረ ጎግ ብሎ መለወጥ ነው። ከዚያ መሬት ይገኛል፣ ትራክተሩና ብረቱ ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ብረቱ መንገድ ስቶ ከእርሻ ይልቅ ከተማ ውስጥ ቢገኝ የሙቀቱ ጥፋት ነው፤ ጋምቤላ ላይ ብረት እንኳ ይከብደዋል።

በ2008 አካባቢ መንግሥት ጥናት አካሄደና ውጤቱ በጋዜጦች ወጣ። ከ600 የሚበልጡ ባለሀብቶች ወደ 630 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተረክበዋል፤ የለማው 77 ሺህ ገደማ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ይዞታዎች ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ተገኙ። አንድ ማሳ፣ ሁለት ካርታ፣ ሁለት ብድር። ለም መሬት በዓመት ሁለቴ ምርት ይሰጣል ሲባል እንሰማለን፤ ሳይታረስ ሁለቴ ብድር የሚያፈራ መሬት ግን የእኛ ግኝት ነው። ጥናቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ዓይነት ቢሆንም አይናቅም፤ ቢያንስ ጮኋል።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአፍታ ላቁም። ከነዚያ ባለሀብቶች መካከል እውነተኛ ገበሬዎች ነበሩ። ወባ ታመው፣ መንገድ ተቆርጦባቸው፣ ብድሩ በዘር ወቅት መሐል ተቋርጦባቸው ማሳቸው ላይ የቀሩ ሰዎች። ካርታው የተደረበው በእነሱ እጅ ሳይሆን ካርታውን በሚሰጡት እጅ እንደሆነ አቤት ብለዋል፤ እውነት አላቸው። አንዱ በሁለት መቶ ሺህ ብር የራሱ ጥሪት፣ ሌላው በተጋነነ ደረሰኝ እኩል «ባለሀብት» ተብለው፣ በኋላም እኩል «ሌባ» ተባሉ። ወደ ሽሙጤ ልመለስ።

የሕንዱን ኩባንያ ካሩቱሪን ሳላነሳ ባልፍ ባሮ ራሱ ይታዘበኛል። ከእሱ በፊት ግን አንድ የቆየ ውል ላስታውስ። አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፣ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለማከራየት ተስማሙ። ግን አስጻፉበት፤ የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይበልጥም፣ ለጦርና ለፖለቲካ ሥራም አይውልም። ፀሐይ አይጠልቅበትም ለሚባል መንግሥት 400 ሄክታር! እንዲህ ያለ ንፉግነት ታይቶ አይታወቅም። ጣቢያው ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1948 ድረስ ቆየ። የካርቱም መርከቦች ቡናውን እየጫኑ ወረዱ፤ መሬቱም ከውሉ ወሰን ሳያልፍ ለባለቤቱ ተመለሰ።

የ2003 ተዋዋዮቻችን ቸርነት ከዚህ ጋር ሲተያይ ያኮራል። ለባንጋሎሩ ጽጌረዳ ሻጭ ካሩቱሪ በኢታንግና በጅካው ወረዳዎች 100 ሺህ ሄክታር በአንድ ፊርማ ተሰጠው፤ ጎበዝ ከሆነ እስከ 300 ሺህ እንደሚደርስለትም ተስፋ ተሰጠው። 100 ሺህ ሄክታር ማለት ሁለት አዲስ አበባ ለመሆን ጥቂት የቀረው ስፋት ነው። ኪራዩ ለሃምሳ ዓመት በሄክታር በዓመት 20 ብር። ያኔ 20 ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው አንዲት ዶሮ ገዝቶ አይመለስም ነበር። በዚያው ዘመን የክልሉ ነዋሪ ከየወንዙ ዳር እየተነሳ በመንደር ይሰባሰብ ነበር፤ የመንግሥት ዕቅድ በሦስት ዓመት 45 ሺህ አባወራ ነበር። ሰው ሲጠጋጋ መሬቱ መላወሻ ያገኛል።

ትራክተሮቹ መጡ፣ ደኑና ሣሩ ተመነጠረ፣ በቆሎው ተዘራ። በ2003 ክረምት ማብቂያ ላይ ባሮ ሞላ። ባሮ ሁልጊዜም ክረምት ሲያበቃ ይሞላል፤ ኑዌሩ ከብቱን፣ አኙዋኩ እርሻውን በዚህ ወንዝ አመጣጥና አመላለስ ልክ ቀምሮ የኖረው ስለዚህ ነው። ኩባንያው ግን እንዲህ ያለ ጎርፍ አይተን አናውቅም አለ። ልክ ናቸው። ባሮን ካዩት ገና ሁለት ክረምት ቢሆናቸው ነው። ከውሉ በፊት ድልድዩ ሥር ወርዶ ዓሣ ነጋዴዋን «እማማ፣ ይህ ውሃ እስከ የት ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ አማካሪ ቢቀጠር ክፍያው አንድ ጥብስ ዓሣ ነበር። በቆሎውን ውሃ በላው፤ ብሩንም ውሃ በላው።

በ2008 መንግሥት ውሉን ሲያፈርስ የሰጠው ምክንያት ከመቶ ሺው ሄክታር የለማው 1,200 ብቻ ነው የሚል ነበር። ካሩቱሪ በቦምቤይ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ ነበር፤ አክሲዮኑን ከገዙት መካከል የሙምባይና የባንጋሎር ተራ ቆጣቢዎች እንዳሉ ልብ በሉ። እነሱም «በአፍሪካ ሁለት ከተማ የሚያህል መሬት አለን» እያሉ ሲያድሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባቸው ቀረ። የኩባንያው የኬንያ ናይቫሻ የአበባ እርሻም ቀድሞ በ2006 ለአበዳሪዎቹ ጠባቂ ተላልፎ ነበር። የባሮ ዳሯ እናትና የባንጋሎሩ ጡረተኛ ሳይተዋወቁ በአንድ ጭቃ ተለውሰዋል።

«ጡረታዬስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የጡረታ ገንዘብ ከሁሉም የተባረከ ፈንድ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው በ2003 በወጣው አዋጅ ወደ ጡረታ ሥርዓት ገባ፤ አሁን ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። በጋምቤላ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፈው ወጣት በሚያገኘው በእያንዳንዱ መቶ ብር 18 ብር ለጡረታ ፈንዱ ይገባል ማለት ነው። ገንዘቡ ለዓመታት የተቀመጠው የት ነው? በአብዛኛው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ፣ በ3 በመቶ እንኳ በማይሞላ ወለድ። ንረቱ በሁለት አኃዝ ሲጋልብ ጡረታው በአህያ ይከተል ነበር። ስድሳ ዓመት ሲሞላው ምን እንደሚጠብቀው ያኔ እናያለን፤ ለአሁኑ ያንጥፍ።

የልማት ባንክ መጨረሻስ? በ2011 አካባቢ ከሰጠው ብድር ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የማይመለስ ወይም የተንጠለጠለ ሆነ። እንዲህ ያለ ቁጥር የግል ባንክ ላይ ቢታይ በሩ ላይ ፖሊስ ይቆም ነበር። ልማት ባንክ ግን የሕዝብ ስለሆነ፣ መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር ካፒታል ጨምሮ አቃናው። መንግሥት ብር አይዘራም፤ ከግብርና ከብድር ያመጣዋል። ስለዚህ ዓሣ ነጋዴዋ በቁጠባዋ የገባችበትን ኪሳራ በሳሙና ላይ በምትከፍለው ግብር ደገመችው። በአንድ ኪሳራ ሁለት ጊዜ ድርሻ ማግኘት በየትኛውም ፈንድ የለም።

የ27 በመቶው መመሪያ በ2012 መግቢያ ላይ ተነሳ። ሰው እፎይ ሳይል በ2015 የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 20 በመቶ ለመንግሥት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲያውሉ ታዘዙ። ከመቶው ሰባት ብር ቅናሽ፤ ልብ ላለው የልደት ስጦታ ነው። ወለዱ 9 በመቶ ሆነ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተብሎ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ለአምስት ዓመት ተቆልፎ የተቀመጠ ብር ያን ዕለት ምን ተሰማው ይሆን?

አሁን ዘመኑ ተቀይሯል ይሉናል። የካፒታል ገበያ አዋጁ ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ባለሥልጣኑ ተቋቁሟል፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ተከፍቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር፣ በቴሌብር ለሕዝብ አቀረበ። አንድ ነገር በሐቅ ልናገር፤ ይህ ሽያጭ ከእስከዛሬው ሁሉ የተሻለ ነበር። መግለጫ ሰነድ ወጣለት፣ ሥጋቱ በጽሑፍ ተዘረዘረ፣ ሰውም ተጠየቀ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። በ2003 የካሩቱሪ ተመን 9,900 ብር 495 ሄክታር የባሮ ዳር መሬት ለአንድ ዓመት ያከራይ ነበር። የጋምቤላዋ እናት በ9,900 ብር የምታገኘው በስልኳ የሚታይ ሠላሳ ሦስት ቁጥር ነበር።

ሕዝቡ ሲጠየቅ ምን አለ? እስከ የካቲት 2017 ድረስ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር። ከቀረበው ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው ሳይሸጥ ቀረ። ወዲያው ባለሙያዎች ተሰበሰቡና ምርመራቸውን አወጡ፤ «የግንዛቤ እጥረት!» አሉ። የግንዛቤ እጥረት ሁልጊዜ የሚገኘው ድሃው ዘንድ ነው። ጎርፉን ያላወቀው ኩባንያ የግንዛቤ እጥረት የለበትም፤ አንድ ማሳ ለሁለት ሰው የሰጠው ጽሕፈት ቤት የለበትም፤ 40 በመቶ ብድሩ የተንጠለጠለበት ባንክ የለበትም። ያለባት እሷ ናት። ስለዚህ ሆቴል ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይደረደራል፣ አበል ይዘጋጃል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝም ላቡን እየጠረገ «ሁሉንም እንቁላል በአንድ ቅርጫት አታስቀምጡ» ይላል። ለዓመታት ቅርጫቷን ሳይጠይቁ ይዘውት የሄዱት እነማን እንደነበሩ በስላይዱ ላይ አይወጣም።

በመጪዎቹ ዓመታት የጋራ ፈንድ አስተዳዳሪዎች፣ ደላሎችና የአክሲዮን ሻጮች ጋምቤላም መድረሳቸው አይቀርም። ከረባታቸውን ላላ አድርገው፣ ባለቀለም ብሮሹር ይዘው ይመጣሉ። አትጥሏቸው፤ ቢያንስ የሚጠይቁ ናቸው። ብሮሹሩ ግን በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ይነበብ በሏቸው። በየዓመቱ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ስንት ለራሳችሁ ትወስዳላችሁ፣ ብትከስሩስ ትወስዳላችሁ ወይ በሏቸው። ከራሳችሁ ኪስ ስንት ብር እዚህ ፈንድ ውስጥ አስገብታችኋል ብላችሁም ደረሰኙን ጠይቁ። ደረሰኙን እስኪያሳዩዋችሁ ድረስ አትፈርሙ።